ተራራ ወይ ሐይቅ ስትወጡ ስንት ቀን ትይዛላችሁ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ፈቃድ ሊወጣ ያለ ሰው "የት ልሂድ" ብሎ ሲጠይቅ መዓት ሰው ይመልስለታል፣ "ስንት ቀን ልቆይ" ብሎ ግን ሚጠይቅም ሚመልስም የለም፣ ቀኑን ቢሮው ይወስነዋል ወይ ኪሱ ይወስነዋል በቃ። ከዛ በአምስት ቀን ውስጥ ላሊበላም ጎንደርም ሰሜን ተራራም ይጨመቃል፣ ሰውየው ተመልሶ ስልኩን ሲያሳያችሁ ግማሹ ፎቶ በመኪና መስኮት የተነሳ ነው። እዚህ ምጽፈው የቀን አቆጣጠሩን ነው፣ ተፈጥሮ ለማየት ማለትም ተራራ፣ ጫካ፣ ሐይቅ፣ አውሬ ለማየት ከደሴ ወይ ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሰው። ሰርግና ዘመድ ጥየቃ ሌላ ሂሳብ ነው እሱን ተዉት።

መጀመሪያ ሙሉ ቀን ምን እንደሆነ እንስማማ። ሙሉ ቀን ምለው እዛው ነቅታችሁ እዛው የምታድሩበትን ቀን ብቻ ነው። የደረሳችሁበት ቀን አይቆጠርም፣ የተመለሳችሁበትም አይቆጠርም። አርብ ሄዶ እሁድ የተመለሰ ሰው "ሶስት ቀን ቆየሁ" ይላል፣ የለም፣ ቅዳሜን ብቻ ነው የቆየው። ይሄን ከያዛችሁ የኔ ህግ ቀላል ነው፦ ሙሉ ቀኑ ቢያንስ ከመንገዱ ቀን ጋር እኩል ይሁን። ሁለት ቀን ሄዳችሁ ሁለት ቀን ምትመለሱ ከሆነ እዛ አራት ሙሉ ቀን ከሌላችሁ አትሂዱ፣ ቅርብ ቦታ ምረጡና ረጋ ብላችሁ እደሩ። ቀን ሲያንስ ሰው ሚቀንሰው አዳሩን ነው፣ እኔ ምላችሁ አዳሩን ሳይሆን ርቀቱን ቀንሱ ነው። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም፣ "አንዴ ከወጣሁ አይቀር ሁሉን ልየው" ይላል፣ ይበል፣ ግን ሁሉን አያየውም።

ለምን አዳር አዳር እንደምል ልንገራችሁ። ተራራ ላይ ሚታየው ነገር ሰዓት አለው። ጭላዳ ዝንጀሮ ማታ ማታ ገደሉ ላይ ተጣብቆ ነው ሚያድረው፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ መጀመሪያ ተቀምጦ ይሞቃል እርስ በርሱ ይፈታተሻል፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ሳር ሲነጭ ይውልና ሳይመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ዋልያም ደህና ሚታየው ጠዋትና ወደ ማታ ላይ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ገደል ውስጥ ነው። ከማደሪያችሁ ጠዋት ተነስታችሁ ስድስት ሰዓት ላይ የደረሳችሁ እንደሆነ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ሸለቆው ጭጋግና አቧራ ለብሷል፣ አውሬው አርፏል፣ ከሰዓት ደሞ ደመና ይመጣና ጭራሽ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ ቀን መቁጠር ትታችሁ ንጋት ቁጠሩ። አንድ ሌሊት ማለት አንድ ንጋት ነው፣ እሱ ከደመነ አለቀ። ሁለት ሌሊት ከሆነ አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ። ለዛ ነው ከ3,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ሁሉ ትንሹ ሁለት ሌሊት ነው ምለው፣ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ አቦሉን ጠጥቶ ቶናው ሳይመጣ እንደመነሳት ነው፣ ወሎ ውስጥ ደሞ ይሄ ነውር ነው።

ሂሳቡ ከመጀመሩ በፊት ግን መንገዱ። ባሁኑ ጊዜ ይሄን ሳያጣሩ ቀን መቁረጥ ከንቱ ነው፣ ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ወሬ ሳይሆን ትናንት ያን መንገድ የሄደ ሹፌር ነው ሚጠየቀው፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ ረዳቶቹን ሳይሆን ሹፌሮቹን፣ አንዱን ሳይሆን ሁለት ሶስቱን ጠይቁ። እዛ ያለ ሰው ካወቃችሁ ደውሉ፣ ኔትወርክ ከሌለ እሱም ራሱ መልስ ነው። "ይከፈታል እያሉ ነው" ከተባላችሁ አትሂዱ፣ ሐይቅ ሄዳችሁ ዓሣ ብሉ። ክፍት ነው ከተባለም ማታ አትጓዙ፣ ማታ ካልተጓዛችሁ ደሞ የመንገዱ ቀን ይረዝማል፣ ጎግል ማፕ "አስር ሰዓት ይፈጃል" ካላችሁ በኛ አገር እሱ ሁለት ቀን ነው ብላችሁ ያዙት።

አሁን ፈቃዱን እንቁጠር። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያል፣ ከተማው ሳይሆን ስራው። ደሴ ቢሮ ምትሰሩ ብዙዎቻችሁ ቅዳሜና እሁድ አላችሁ፣ ከሰኞ እስከ አርብ አምስት የስራ ቀን ፈቃድ ብትወስዱ ከፊትም ከኋላም ያለው ዊኬንድ ተጨምሮ ዘጠኝ ቀን ይሆናል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ምትሰሩ ደሞ በሳምንት ስድስት ቀን ስለምትገቡ ስድስት ቀን አውጥታችሁ ሚገኘው ስምንት ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያ ዓመት ሰራተኛ 16 የስራ ቀን ፈቃድ አለው፣ ከዛ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፣ ስለዚህ የስምንት ቀን ትሪፕ ማለት ለአዲስ ሰራተኛ ከዓመቱ ፈቃድ ሲሶ በላይ ነው። ለዛ ነው በዓል ላይ ማሰር ሚያዋጣው። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፣ አድዋ የካቲት 23፣ እነዚህ ሐሙስ ወይ ማክሰኞ ላይ ሲውሉ ቅዳሜ ማትገቡ ሰዎች አንድ ቀን ፈቃድ ጨምራችሁ አራት ቀን ታገኛላችሁ። ኢድን ግን ለሩቅ መንገድ አትመኑ፣ ጨረቃዋ ባለመታየቷ በአንድ ቀን ሲገፋ ጋይድ የያዛችሁበት ቀን ይዛነፋል፣ ደሞ ኢድን ከቤት ውጪ ማሳለፍ እናት ፊት ሚነገር ነገር አይደለም። ጥምቀትም ሰሜን ላይ አልጋ ሚጠፋበት ሰሞን ነው፣ ጎንደር ማደር ካሰባችሁ ቀድማችሁ ያዙ። ሌላው፣ ከፈቃዱ የመጨረሻዋን ቀን ቤት ዋሉባት። ማታ ገብቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ መገኘት ይቻላል ግን የጉልበታችሁ ነገር።

እንግዲህ ወደ ቦታዎቹ።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ቤታችሁ አጠገብ ያለውን ናቁት እንዴ? ጦሳ አለ፣ አዝዋ ገደል አለ፣ ኮምቦልቻ ደሞ የጎፍ አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ትወጣላችሁ፣ ጦሳ ላይ ሆናችሁ ደሴ ጎድጓዳው ውስጥ ተኝታ ታይዋታላችሁ፣ ለምሳ ቤት ናችሁ። ለእረፍት አይቆጠርም ትሉ ይሆናል፣ ግን ለትልቁ መንገድ እግርና ጫማ ሚፈተነው እዚህ ነው፣ ጦሳ ላይ ተረከዙን የበላው ጫማ ሰሜን ተራራ ላይ አይተወውም።

አንድ ሌሊት ያለው ሐይቅ ይሂድ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማንም ሰው ለቀን ሄዶ ዓሣ በልቶ ይመለሳል፣ እኔ ግን ሚታደርበት ቦታ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ሐይቁ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ነው ሚያምረው፣ ወፉም ያኔ ነው ሚታየው። ቅዳሜ ከሰዓት ገብታችሁ አድራችሁ እሁድ ጠዋት እስጢፋኖስ ገዳም ትሄዳላችሁ፣ ድሮ ደሴት ነበረች አሁን ከየብስ ተያይዛለች፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ ከእናታችሁ ወይ ከእህቶቻችሁ ጋር ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እዛ ደርሶ በር ላይ መቅረት ያስቀይማል። ሁለተኛ ሌሊት ካላችሁ አርዲቦ ሐይቅን ጨምሩ። ከሐይቅ ብዙም አይርቅም፣ ሰው ስለማይበዛበት ጸጥ ያለ ነው፣ ውሃው በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ሐይቅ ነው ሚወርደው። ቴንት ገዝታችሁ አንድም ቀን ያላደራችሁበት ከሆነ መሞከሪያው እዚህ ነው፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ በአንድ ሰዓት ቤታችሁ ናችሁ፣ ብቻ ከቀበሌው ወይ ከባላገሩ ጋር ሳትነጋገሩ ሜዳ አይታችሁ ቴንት አትትከሉ።

ወደ ቆላው ደሞ ባቲ አለ፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባቲ ላይ ቀኑን እናንተ ሳትሆኑ ገበያው ነው ሚወስነው፣ ሰኞ ነው። እሁድ ማታ ገብቶ ሰኞ ውሎ መመለስ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቀን ፈቃድ። ቁልቁል ስትወርዱ አገሩ እንዴት እንደሚቀየር ማየቱ ብቻ ይበቃል።

ሶስት አራት ሌሊት ያላችሁ ላይ ነው ነገሩ ሚጣፍጠው፣ እኔ ብጠየቅ ለደሴ ሰው ትክክለኛው መጠን ይሄ ነው። አንደኛ ቦረና ሳይንት ፓርክ አለ፣ ደንቆሮ ጫካ ምንለው። እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ሆኖ ስንቶቻችን ነን ያየነው? ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለው፣ ከፍታው ከ1,900 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ከ4,000 በላይ ይወጣል። በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ድረስ ያለው አንድ ቀን ነው፣ እዛ ታድራላችሁ፣ ጠዋት ከፓርኩ ቢሮ ጋር ተነጋግራችሁ ሰው ይዛችሁ ትገባላችሁ። መሄጃ አንድ፣ መመለሻ አንድ፣ መሃል ሁለት ሙሉ ቀን፣ በድምሩ አራት ቀን ሶስት ሌሊት። ከዛ ካነሰ መካነ ሰላምን ብቻ አይታችሁ ነው ምትመለሱት።

ሁለተኛ መንዝ ጓሳ። ወደ አዲስ አበባ መንገድ በከሚሴ በሸዋ ሮቢት አድርጋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ወደ መሃል ሜዳ ሚገነጠለው ነው። አንድ ቀን ሄዶ አንድ ቀን ተመልሶ መሃሉን ሁለት ቀን። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው፣ ሰፊ የጓሳ ሳር ሜዳ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክል አለ፣ ቀይ ቀበሮውን ጠዋት አይጥ ሲያደን ሜዳው ላይ ነው ምታዩት፣ በዓለም ላይ የቀረው ጠቅላላ አዋቂ ቀበሮ ከ500 እንደማይበልጥ አስቡና ያኔ አንድ ተጨማሪ ጠዋት መቆየት ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ቦታውን ሚጠብቀው ማህበረሰቡ ራሱ ነው፣ ድሮም በቄሮ ስርዓት ሳሩን ለዓመታት ዘግተው ከዛ በጋራ ከፍተው ያጭዱ ነበር፣ ማደሪያውም የማህበረሰቡ ነው። ሶስተኛ መቄት፣ በወልዲያ በጋሸና በኩል። እዛ በእግር ከአንዱ የማህበረሰብ ማረፊያ ወደ ሌላው ነው ሚኬደው፣ ገደል ገደሉን ይዞ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት መራመድ ነው፣ እየሰሩ መሆናቸውን መጀመሪያ ደውላችሁ አረጋግጡ። የዚህኛው ደስ ሚለው ነገር ቀኑ ራሱ በማረፊያው ቁጥር መከፈሉ ነው፣ ሁለት ማረፊያ ሁለት ሌሊት፣ ሶስት ማረፊያ ሶስት ሌሊት፣ አትጨነቁም።

መቅደላንስ ትሉኛላችሁ። መቅደላ ለታሪክ ነው ሚኬደው፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የሞቱበት፣ አምባው ላይ ያለው እይታ ግን እውነቱን ለመናገር ከማንም አያንስም። ሁለት ሌሊት ያዙለት፣ አንዱን ከአምባው ስር፣ ምክንያቱም ከደሴ ተነስቶ በሽሎን ተሻግሮ አምባ ወጥቶ በዛው ቀን መመለስ ሚባለው ነገር መከራ ነው። ግሸንን ደሞ እይታ ፈልጋችሁ ከሆነ መስከረም 21 አትሂዱ፣ ያኔ ሚኬደው ለንግሱ ነው፣ መንገዱም ማደሪያውም የምዕመኑ ነው።

ወደ ሰሜን ተራሮች እንምጣ፣ ሁሉም ሰው ልቡ እዛ ስለሆነ። ከደሴ በወልዲያ በደብረ ታቦር አድርጎ ጎንደር፣ ከዛ 100 ኪሎ ሜትር ደባርቅ፣ በድምሩ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ቀን መንገድ ነው፣ አትከራከሩኝ። ሁለት ሲኬድ ሁለት ሲመለስ አራት ቀን ነው፣ በኔ ህግ አራት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፣ ስምንት ቀን ሆነ፣ አንድ መጠባበቂያ ዘጠኝ። ማለትም የደሴው የቢሮ ሰራተኛ በአምስት ቀን ፈቃድ ልክክ ይልለታል፣ የኮምቦልቻው የፋብሪካ ሰራተኛ ግን አንድ ቀን ይጎድለዋል፣ ወይ በዓል ይጠብቃል ወይ ሰባት ቀን ፈቃድ ያወጣል። ደባርቅ የፓርኩ ቢሮ ተመዝግባችሁ ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ ሚሄድ ጠባቂ፣ ትይዛላችሁ፣ ግዴታ ነው፣ እሱ ራሱ ጠዋቱን ሊበላባችሁ ስለሚችል ሁለተኛውን ቀን ማታ ገብታችሁ ጠዋት በር ሲከፈት ተገኙ። ከዛ የተለመደው አካሄድ ሳንካበር 3,250 ሜትር ላይ አንድ ሌሊት፣ ግጭ 3,600 ላይ አንድ ሌሊት፣ ጨነቅ 3,620 ላይ አንድ ሌሊት ነው። ሳንካበርና ግጭ መሃል የጅንባር ፏፏቴ አለ፣ ግጭና ጨነቅ መሃል እሜት ጎጎ አለች፣ 3,926 ሜትር፣ በሶስት በኩል ገደል ነው፣ አገሩ በሙሉ ከእግራችሁ ስር ነው፣ እዛ ላይ ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጥ። ጨነቅ ላይ ሁለተኛ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ እደሩ፣ ዋልያ ደህና ሚታየው እዛ ነው።

ራስ ደጀንስ? ራስ ደጀን ከጨነቅ ወዲያ ነው፣ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ አምቢቆ ወርዶ፣ ከዛ ጫፉ ደርሶ መመለስ ነው፣ ቢያንስ ሶስት ቀን ይጨምራል። ከደሴ ለሚነሳ ሰው 12 ቀን ነገር ነው። "አገሪቱ ውስጥ ትልቁን ተራራ ወጣሁ" ለማለት ከሆነ ሂዱ፣ እይታ ለማየት ከሆነ ግን ያቺን ሶስት ቀን ግጭና ጨነቅ ላይ ብታሳልፏት ይሻላል፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው። ባሌን እዚህ አላነሳውም፣ ሳነቲ ሜዳና ሐረና ጫካ ማየት ያለበት ሰው ሁሉ ይየው፣ ግን ከኛ አገር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ስራ ሲኖራችሁ ከዛ ተነሱ።

ከፍታው ደሞ ራሱ ቀን ይበላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሐረጎን ወጥታችሁ ምታልፉት ልዩነት ማለት ነው። የደሴ ልጅ ሳንባው ትንሽ ለምዷል፣ ደባርቅ አድሮ ሳንካበር ቢወጣ ብዙም አይከብደው ይሆናል፣ የኮምቦልቻ ልጅ ግን አብረው ሲሄዱ ቶሎ ሊደክም ይችላል፣ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ጠቅላላ ምክሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ ምትተኙበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፣ በየሶስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዛው ማረፍ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ መውጣት ይቆማል፣ ካልተሻለ ወይም ከባሰ መውረድ ነው፣ "ቻል አርገው አብሽር" ሚባል ነገር እዚህ አይሰራም። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ምትነሱ አንድ ቀን ጨምሩ፣ ጭማሪዋም መጀመሪያ ላይ ትሁን፣ መጨረሻ ላይ ያለ እረፍት ለከፍታ ምንም አይጠቅምም።

አብሮ ሚሄደው ሰው ቀኑን ይቀይረዋል። በደካማው ሰው ነው ሚቆጠረው፣ በጎበዙ አይደለም። ልጅ ካለ አንድ ቦታ ላይ ድንኳን ተክሎ ከዛ እየወጡ መመለስ እንጂ በየቀኑ ማደሪያ መቀየር አይሞከርም፣ ለልጅ ደሞ ሁለት ሌሊት ይበቃዋል፣ ሶስተኛው ላይ ካርቱን ይጠይቃል። እናትና አባት ካሉ ሎጅ ወይ ደህና አልጋ ባለበት፣ ቀን ቀን በመኪና። አምስት ስድስት ሆናችሁ ምትሄዱ ጓደኛሞች ደሞ የመነሻውን ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሁሌም አንድ ሰው ሸዋ በር ላይ ያስጠብቃል።

ስንቅም ቀን ይወስናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ ቋንጣ፣ ይሄን በጀርባችሁ ለሶስት ቀን ትሸከማላችሁ፣ ከዛ ካለፈ በቅሎ ያስፈልጋል፣ በቅሎ ካለ ባለበቅሎ አለ፣ ባለበቅሎ ካለ ለሱም ምግብ አለ። እንደኛ አገር እስላምና ክርስቲያን ተደባልቆ ሚሄድ ቡድን ከሆነ ስጋውን ተዉትና ሁሉም ሚበላው የፆም ነገር ያዙ፣ ሹሮውና ምስሩ ያስማማል፣ እርድ ፍለጋ ግማሽ ቀን አታጠፉም። ረመዳን ላይ ተራራ አታስቡ፣ ውሃ ሳይጠጡ 3,500 ሜትር ላይ መራመድ ጨዋታ አይደለም። አብይ ፆም ይቻላል ግን ስንቁ ይታሰብበት።

ገንዘቡን ስታሰሉ ሁለት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ቀን ቢጨምርም ባይጨምርም ያው ሚሆን ነው፣ ትራንስፖርት በተለይ። ሌላው በቀን ሚከፈል ነው፣ ጋይድ፣ ስካውት፣ በቅሎ፣ የፓርክ መግቢያ፣ አልጋ። ቦታው ሩቅ በሆነ ቁጥር መጀመሪያው ወጪ ስለሚበዛ አንድ ሌሊት መጨመር ሲታይ ርካሽ ነው፣ ሌላ ጊዜ ድጋሚ ከመምጣት በጣም ይሻላል። ቦታው ቅርብ ሲሆን ግን ተቃራኒው ነው፣ ሐይቅ አራት ሌሊት ከማደር ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሌሊት መሄድ ይሻላል፣ አንዴ በጥቅምት አንዴ በግንቦት፣ ሌላ ሐይቅ ነው ምታዩት። መኪና ኮንትራት ምትይዙ ከሆነ ሹፌሩ ቆሞ ሚውልበትን ቀን እንዴት እንደሚያስከፍላችሁ ተነጋገሩ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ሚነሳው እዛ ላይ ነው፣ አንዳንዴ አድርሶ ተመልሶ በቀጠሮ መምጣቱ ይረክሳል።

ወቅቱን በአጭሩ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምርጥ ነው፣ አገሩ አረንጓዴ ነው ሰማዩም ጠርቷል፣ የያዛችሁት ቀን አይባክንም። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ግን ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቴንት ውስጥ ማደር ያልለመደ ሰው ሌሊት ይቀንስ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ወሎ ደጋ ላይ የበልግ ዝናብ አለ፣ አዲስ አበባ የተጻፈ ምክር ላይ "ደረቅ ወቅት ነው" ሲባል አትመኑ፣ አንድ መጠባበቂያ ቀን ጨምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ተራራ ካላችሁኝ ለደመናው ሁለት ቀን ጨምሩ፣ ለጭቃው ደሞ አንድ፣ እሱን ሁሉ ስትደምሩት ለምን መስከረምን አትጠብቁም?

መጠባበቂያ ቀን ምላት ነገር ትንሽ ላብራራ፣ ሰው እንደ ትርፍ ስለሚያያት መጀመሪያ ሚቆርጣት እሷን ነው። አምስት ቀን ለሚሆን ትሪፕ ግማሽ ቀን፣ ከሳምንት በላይ ለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ያዙ። ቦታዋ መመለሻው ላይ ነው፣ መኪና ቢበላሽ፣ ትራንስፖርት ቢጠፋ፣ መንገድ ቢዘጋ። ካልተጠቀማችሁባት ቤት ምትውሉባት የመጨረሻዋ ቀን እሷ ትሆናለች። አለቃችሁን ስታስፈቅዱም እሷን ጨምራችሁ አስፈቅዱ እንጂ እዛ ሆናችሁ "መኪና ጠፋ" ብላችሁ አትደውሉ፣ ደሞ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል፣ ግጭ ላይ ሆኖ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣት ሚባል ነገር አለ።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላ ደባርቅም ሆነ መካነ ሰላም ለጋይድ ስትደውሉ "አራት ቀን" አትበሉ፣ "ሶስት ሌሊት፣ በዚህ ቀን ጠዋት እንገባለን፣ በዚህ ቀን ከሰዓት እንወጣለን" ብላችሁ ንገሩት። እሱ የመግቢያውንም የመውጫውንም ቀን ሙሉ ቀን አድርጎ ሊቆጥር ይችላል፣ እናንተ ሌላ ልትቆጥሩ ትችላላችሁ፣ ሂሳቡ መጨረሻ ላይ ከመጋጨቱ በፊት በስልክ ይጥራ። ሌሊት መጨመር ብትፈልጉ እዛው መነጋገር እንደሚቻልም ያኔውኑ ጠይቁት፣ ምክንያቱም ስካውቱም ባለበቅሎውም ስንቃቸውን በነገራችሁት ቀን ልክ ነው ቋጥረው ሚመጡት።